የሽሽት ሰዓት

በጋሊሲያ ጠረፍ፣ ሳን ሲብራን በሚሏት መንደር፣
ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ጥሎን ይሸሽ ነበር።
ሲሸሽ እኛ እንወርዳለን፣ መንሽና ባልዲ ይዘን፣
በቦት ጫማ፣ በባል ሹራብ፣ ጭቃው ላይ ተጎንብሰን፣
ዛጎል ስንለቅም ቆይተን
ሲመለስ እንመለሳለን።

ወንዶቹ ጀልባ አላቸው። ጀልባ ያለው ድምፅ አለው፤
የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የጥንት ደንቡ ይኸው ነው።
ኋላ ደንቡ ተሻሽሎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣
«እናንተም አባል ናችሁ» አሉን በአንድ ወረቀት።
ስብሰባው ግን፣
ስብሰባው ምንጊዜም ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት።

ማንም አትምጡ አላለም፤ ሐሰት አልናገርም።
በሩም ተቆልፎ አያውቅም።
ብቻ ያኔ እጃችን አሸዋ ውስጥ ነው፤
አሸዋ ውስጥ ያለን እጅ ማን አይቶ ይቆጥረው?

ግድግዳው ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ፎቶ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሊቀመንበር፤
ሃያኛው ሚስማር ላይ የዶን ኤላዲዮ ባርኔጣ ነበር።

ኤርሜሊንዳ የጭቃ ጎረቤቴ ናት፣
ስትስቅ የባሕር ወፍ የምታስበረግግ።
ከግድቡ የተለቀቀ ውሃ ዛጎሉን የፈጀው ጊዜ፣
እኛ ቆመን ስናለቅስ፣
እሷ በልጇ ደብተር
በየመደቡ የሞተውን ስትቆጥር ነበር።

ያን ደብተር ይዛ ስብሰባ ገባች፣ ከነቦት ጫማዋ።
ጸሐፊው ባልዶሜሮ ወለሉን አየ እንጂ ደብተሩን አላየም።
«ጭቃ አስገባሽብን» አለ።
«እንጀራችሁስ ከየት ነው?» አለችው።
ዶን ኤላዲዮ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈገግ ብሎ
«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» ቢል
አዳራሹ ሳቀ ተከትሎ።
እሷም ሳቀች፣ ወፎቹ በሚያውቁት ሳቅ፦
«ባሕርም ቢያውቅ በጨረቃ ያልቃል፤
ጨረቃን ማን መረጣት?»

በዚያ ክረምት ተወዳደረች።
የቀን ገቢያችንን ትተን ሄድንላት።
አንድ ድምፅ ጎደላት።

የማን እንደሆነ ልንገራችሁ።
የኔ ነው።
እጄ ጭኔ ላይ ተኝቶ ቀረ።
ባሌ አልከለከለኝም። ቄሱ አልገሠጸኝም።
እሷ ከቻለች፣ እኔ ምን ብዬ እቀራለሁ?
«አልችልም» የምትል ሞቃት ብርድ ልብስ ነበረችኝ፤
ልትገፈኝ መሰለኝ።

በማግሥቱ ከጎኔ ቆመች፣ እንደ ሁልጊዜው።
ስለ ትናንት አንድ ቃል አልወጣትም።
«ጓንትሽ ተቀዷል» ብላ ከራሷ አንዱን አውልቃ ሰጠችኝ።
ያን ቀን ሁለታችንም
አንድ አንድ እጃችንን በረደን።

ያ ብርድ ነው ቤት ለቤት ያዞረኝ።
ፊሎሜና፣ «እሷ ትጮኻለች» አለች።
ሌላዋ፣ «ጸጉሯን እንኳ አታበጥርም!»
ሦስተኛዋ፣ አይብ እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣
«ለምን እሷ? እኔስ ምን አነሰኝ?»
ይህችን አቅፌ ሳምኳት።

በሁለተኛው ምርጫ ዋዜማ፣ በውድቅት፣
ኤርሜሊንዳ በሬን መታች።
«ብሳሳትስ?»
ያ ወፍ የሚያስበረግግ ድምፅ ክር አክሎ።
«ዐሥራ ዘጠኙም ተሳስተዋል» አልኳት፤
«ፎቷቸውን ያወረደ የለም።»

ተመረጠች። በመጀመሪያው ወር ዋጋ ወደቀ፤ እሷን ወቀሱ።
በሦስተኛው ዋጋ ወጣ፤ ገበያውን አመሰገኑ።

ሃያኛው ሚስማር ላይ ፎቶ የለም ዛሬ።
የባሕሩ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣
መቼ እንደሚሸሽ፣ መቼ እንደሚሞላ፤
ስብሰባ የሚጠራው ሲሞላ ነው።

ባልዶሜሮ አሁንም ወለሉን ያያል።
እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ።
እጄን ሳወጣ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤
ቀና ብሎ
ይቆጥረዋል።